አያ ሰይድ የሚዘረጋው ካርታ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አስራ ሰባት፣ ወሩ ግንቦት ነው። በልጉ ሳይዘንብ አልፏል። ሸዋ ሮቢት ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ጥላ ሥር ካልሆነ መቆም አይቻልም፤ ነፋሱም ሞቃት ነው።

በዚህ ወር አንድ ማክሰኞ፣ አስፋልቱ ዳር ለተከፈተ አዲስ ሆቴል አራት ኩንታል ሽንኩርት አስረከብኩ። ጆንያዎቹ እስኪወርዱ የሆቴሉ ኃላፊ፣ ገና ወጣት ልጅ ነው፣ ውሃ ልስጥዎት ብሎ ወደ ውስጥ አስገባኝ። ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ትልቅ አሮጌ ካርታ ተሰቅሏል። ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ጥግ ጥጉ ላይ ሸራ የወጠረ መርከብ፣ ግመል የሚስብ ባለ ጥምጣም ሰው፣ የተኛ አንበሳ ተስሎበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«የድሮ የጣሊያን ካርታ ነው፣ ጋሼ። ቅጂ ነው እንጂ ዋናው አይደለም። እንግዶች ይወዱታል፤ ፎቶ ይነሱበታል።»

«የማን አገር ነው?»

«እሱን እንጃ። ለጌጥ ነው የሰቀልነው።»

ውሃውን ሳልጨርስ ጣቴ ሄዶ መስታወቱ ላይ፣ ሰማያዊው ቀለም ላይ አረፈ። ብርጭቆውን መልሼለት ወጣሁ።

ለምን እንደወጣሁ ልናገር። ልጄ ኑሩ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። አምና ለእኔ ሳይነግረኝ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ተነሳ። እኔ ብዙ የሚነገረኝ ሰው አይደለሁም፤ ለእናቱ ግን ከመንገድ ይደውልላት ነበር። ጥር ላይ አብሮት የሄደ አንድ የማጀቴ ልጅ ደወለልኝ። ጀልባዋ ተገልብጣለች፣ ኑሩ ሞቷል አለኝ። ማሳ ውስጥ ነበርኩ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ የጀመርኩትን ቦይ ጠርጌ ጨረስኩ። ማታ ባለቤቴ ዘይነባ «ኑሩ ዝም አለኝ፤ አንተ ዘንድ አልደወለም?» ስትለኝ አፌ በራሱ ጊዜ «ደውሏል፤ የመን ገብቷል፤ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም» አለ።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ በየምሽቱ አንድ ነገር ጨመርኩበት። የጫት እርሻ ላይ ሥራ አገኘ አልኩ። አሰሪው ጥሩ ሰው ነው፣ ስሙም ሷሊህ ነው አልኩ። ሷሊህ ሁለት ሚስቶች አሉት፣ ታናሺቱ ሽሮ የሚመስል ነገር ትሠራለች አልኩ። ዘይነባ «ዘንድሮ ደግሞ ወሬ አወቅህ» ብላ ሳቀችብኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር በአንድ ምሽት ይህን ያህል አውርቼላት አላውቅም። ከየት ተማርከው ብላ ብትጠይቀኝ ግን መልሱ ነበረኝ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከሮቢት ወደ ታች፣ ቀወት ቆላ፣ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ በሚያድግበት ሰፈር ነበር። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ ያሳደጉኝ አያቴ ሐዋና የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሰይድ ናቸው። አያ ሰይድ በጉልምስናው ዘመን ግመል እየነዳ አፋር ወርዶ ጨው የሚያመጣ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ሳውቀው ጉልበቱ ታሞ እርሻ ላይ ውሏል። ቀን ሲሠራ ቃል አይተነፍስም። መግሪብ ተሰግዶ ዒሻ እስኪደርስ ባለችው ትንሽ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

ያኔ መብራታችን ኩራዝ ነበር። የግራሩ ፍም ምድጃው ውስጥ እየቀላ፣ ጭሱ ጣራው ሥር ተንጠልጥሎ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ፍየሎቹ ከግድግዳው ወዲያ እያመሰኩ፣ አያ ሰይድ እጁን ይታጠብና ከማገሩ ሥር የተሰካውን የፍየል ቆዳ ጥቅል ያወርዳል። በውስጡ እኛ «የጣሊያን ወረቀት» የምንለው ነገር አለ። ጣሊያን ሮቢት አጠገብ የነበረውን የመንገድ ሥራ ካምፕ ጥሎ ሲሄድ፣ ሰው ሁሉ ቆርቆሮና ሳንቃ ሲሸከም እሱ ይህን ከሹሙ ክፍል ግድግዳ ላይ ነቅሎ ይዞት መጣ። ጀርባው ላይ ጨርቅ ስለተለጠፈበት አልተቀደደም። ዳር ዳሩን የወርቅ ቀለም ያለው ሐረግ ዞሮታል። በአንዱ ጥግ መርከብ አለ፤ በሌላው ጥግ ቴምር ዛፍ ሥር የቆሙ እንስራ የያዙ ሴቶች፤ ከታች ደግሞ አሸዋና ተራ በተራ የሚሄዱ ግመሎች። ያኔ እኔ ከዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም።

አያ ሰይድ ወረቀቱን ሰሌኑ ላይ ዘርግቶ አንዲት የማሽላ ፍሬ ያስቀምጥበታል። ፍሬዋ ይማም ናት።

ይማም የአያቴ መካከለኛ ልጅ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ከገበያ ላይ ይዘው ለመንገድ ሥራ ወሰዱት። አያ ሰይድ ሊፈልገው ሄዶ በአሥረኛው ቀን ብቻውን ተመለሰና ለእናቱ «ወደ ባህር በር ወስደውታል አሉ» አላት። የይማም መንገድ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። በገበያ ቀን ከነጋዴ ወሬ ሰማሁ ይላል፤ የሰማውን ወረቀቱ ላይ ያሳያል። ነጋዴ መንገድን የሚቆጥረው በውሎ ነውና እሱም ፍሬዋን በአንድ ምሽት አንድ ውሎ ብቻ ያራምዳታል። አያቴ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ጣቷን ይዞ ፍሬዋ ላይ ያሳርፍላታል።

«ዛሬ ያደረው እዚህ ነው» ይላታል። «አዋሽን ተሻግሯል።»

«አዞ የለም?»

«አለ። ይማም ግን ግመል ላይ ነው።»

«ግመሉን ከየት አገኘው?»

«ባለፈው ነገርኩሽ እኮ፣ እማ። የታጁራው ነጋዴ ነው የሰጠው።»

«ሚስትስ አልሰጠውም?»

«ሚስት አልሰጠውም።»

«እንግዲያ ምን ይጠብቃል፤ ጥርሱ እስኪረግፍ ነው?» ትላለች፤ ሁላችንም እንስቃለን።

በዚያ ወረቀት ላይ ያልሆነ ነገር የለም። ይማም በሸራ መርከብ ሲሄድ ነፋስ ቆሞበት አሥራ ሁለት ቀን በቴምር ብቻ ሰነበተ። ጨው በሚፈላበት ሜዳ የጠፋች ግመል ፈልጎ ሲያገኝ፣ ግመሊቱ ወልዳ ቆየችው። ነጭ ድንጋይ በተነጠፈበት ከተማ የአንድ ሹም በቅሎ ሰው ሁሉ እየጣለች አስቸግራ፣ ይማም ጆሮዋ ላይ የእኛን አገር ዘፈን ቢያንጎራጉርላት ለመደች። ያኔ አያቴ «እሱ ከልጅነቱም ለከብት እጁ ይስማማል» ብላ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ፤ ኩራዙ ሲወዛወዝ የተሳሉት ግመሎች የሚራመዱ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ያላስተዋልኩት ነገር ይማም ሁልጊዜ ሊመጣ ሲል መቅረቱን ነው። ፍሬዋ ወደ እኛ መቅረብ ስትጀምር አያቴ የእሱ ጋቢ እንዲታጠብ ታዛለች፤ ሦስት ወይም አራት ውሎ ሲቀረው ግመሉ ያነክሳል፣ ወይም ወንዙ ይሞላል፣ ወይም ጌታው «ይህን አንድ ጭነት ብቻ አድርስልኝ» ይለዋል፤ ፍሬዋም ተመልሳ ወደ ሰማያዊው ትወርዳለች። ጋቢው ይታጠፋል። አያቴ ከሰላቷ በኋላ መዳፏን ዘርግታ «ያ አላህ፣ መንገዱን አቅናለት፤ ውሃ ጥም አታሳየው» ትላለች። እኔም አሚን እላለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ስገባ የፈረንጅ ፊደል አስተማሩን። ፊደል የያዘ ልጅ ያየውን ሁሉ ያነባል፤ የስኳር ጆንያ፣ የመኪና በር፣ የመድኃኒት ጠርሙስ። አንድ ምሽት ዓይኔ በወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ የተጻፉ አምስት ፊደሎች ላይ አረፈ። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳያየኝ ጥቅሉን አውርጄ አምስቱን በከሰል ክንዴ ላይ ገለበጥኩና ለመምህራችን አሳየሁት።

«ሊቢያ» አለ መምህሩ። «ከግብፅ ወዲያ ያለ አገር ነው። ጣሊያን እሱንም ይዞት ነበር። ከየት አመጣኸው?»

«ቤታችን ካርታው አለ። የእኛ አገር የለበትም?»

«ሊቢያ ላይ የእኛ አገር ምን ይሠራል?» ብሎ ሳቀ።

እየሮጥኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። እነሱ የማያውቁትን አንድ ነገር አውቄ ነበርና እስኪመሽ መጠበቅ ጨነቀኝ። ይማም የት እንዳለ አልጠየቅሁም፤ እሱን ያሰብኩት አይመስለኝም። ያሰብኩት አምስቱን ፊደሎች ነው።

ያን ምሽት ይማም ከባህሩ ዳር ሁለት ውሎ ርቆ አዋሽ ደርሶ ነበር። አያ ሰይድ የአያቴን ጣት ይዞ ፍሬዋን ሲያስነካት ከመሃል ገባሁ።

«ይሄ አዋሽ አይደለም» አልኩ።

«ዝም በል» አለኝ ቀስ ብሎ።

«መምህራችን ነግሮኛል። የሊቢያ ካርታ ነው። ሮቢት የለችበትም። ታጁራም የለችበትም። ይማም እዚህ ላይ ሊሆን አይችልም።»

አያ ሰይድ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የእናቱን ጣት እንደያዘ ቀረ። እሷ ጣቷን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች።

«ሰይድ» አለች። «ልጁ ምን ይላል?»

«ልጅ ነው፣ እማ።»

«ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። የምጠይቀው አንተን ነው። ይማም የት ነው?»

ፍሙ እየከሰለ ሄደ፤ ማንም እንጨት አልጨመረበትም።

«ጣርማ በር» አለ በመጨረሻ። «የመንገዱ ዋሻ ሲቆፈር ነው የሞተው። ስደርስ ሞቶ ነበር። እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

ጣርማ በር ከደብረ ሲና በላይ ያለው ተራራ ነው። ከቤታችን በእግር ሁለት ቀን አይሞላም።

አያቴ አልጮኸችም። «ሠላሳ ዓመት ለመንገዱ ዱአ ሳደርግለት» አለች። «ለቀብሩ አንድ ቀን ሳላደርግለት። ማን ምሕረት ለመነለት፣ ሰይድ?»

«እኔ» አለ አያ ሰይድ። «ብቻዬን።»

በሳምንቱ በጭነት መኪና ይዘናት ወጣን። «ልጁም ይምጣ» ስላለች እኔም ሄድኩ። ተራራው ላይ ጉም ነበር፤ እንደዚያ ያለ ብርድ ቀምሼ አላውቅም፤ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነጠላዋን አለበሰችኝ። አያ ሰይድ መንገዱን ዳር ዳሩን ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ከአንድ ጥድ ሥር ነበር፣ ሦስት ድንጋይ አስቀምጬበታለሁ አለ። ጥዱ ተቆርጧል። መንገዱ ሰፍቷል፤ ከላይ የተናደ አፈርና ቋጥኝ ቁልቁለቱን ሞልቶታል። ያገሬ ሰው ቀብሩ ላይ አይቶኝ ለእናቴ ይነግርብኛል ብሎ ስለፈራ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተመልሶ ሄዶ አያውቅም ነበር።

«እዚህ ይመስለኛል» አለ። ጥቂት ቆይቶ «አይ፣ እዚያ ነው» አለ። ከጉሙ ውስጥ ድምፁ ብቻ ነበር የሚመጣው።

«ሰይድ» አለችው አያቴ፣ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች። «አንዱን ምረጥልኝና እጄን ላሳርፍ።»

አንዱን መረጠላት። እጇን ይዤ ወሰድኳት። ጎንበስ ብላ መዳፏን እርጥብ አፈር ላይ አሳረፈች፤ ከንፈሯ ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። አያ ሰይድ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ያ አፈር የይማም ይሁን አይሁን፣ ከእኛ ከሦስታችን የሚያውቅ አልነበረም።

ማሽላ ሳይታጨድ አያቴ ሞተች። እኔን አልተቀየመችኝም፤ እስከ መጨረሻው ውሃ የምትጠይቀው እኔን ነበር። ወረቀቱ ከዚያ ወዲያ አልተዘረጋም፤ ኋላ ምስጥ በላው። አያ ሰይድ ምሽቱን ምድጃው አጠገብ ዝም ብሎ ተቀምጦ ዒሻን ይጠብቃል፤ እኔም አጠገቡ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። በዓመቱ ትምህርቴን ተውኩ። ወሬኛ ልጅ ነበርኩ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰው ካልጠየቀኝ አልናገርም። ኑሩ ጉዞውን ለእናቱ ነግሮ ለእኔ ያልነገረኝ፣ ሲናገር የሚመልስለት አባት ስላላገኘ ይሆናል።

ከዚያ ዘመን አብሮኝ የቀረ ብዙ ነገር ነው። የፍየል ቆዳው ሽታ አለ። የተሳሉት ግመሎች አሉ። ከሁሉ በላይ ግን አብሮኝ የቀረው «ይሄ አዋሽ አይደለም» ያልኩበት የራሴ ድምፅ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ መናገሬ ነው ብዬ ኖርኩ። በዚያ ማክሰኞ ሆቴሉ ውስጥ ቆሜ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ያየሁት አያ ሰይድን ነው፤ በጉሙ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል። ወንድሙን በእጁ ቀብሮ ቀብሩን ያጣ ሰው ነበር። እኔ ደግሞ የልጄን ቀብር የት እንደሆነ ጭራሽ አልጠየቅሁም።

ከሆቴሉ ወጥቼ ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ዘይነባ ጥላው ሥር ተቀምጣ ማሾ ትለቅም ነበር።

«ዛሬስ ምን አለ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ዘይነባ፣ ሰፌዱን አስቀምጪው።»

አስቀመጠችው።

«ኑሩ ሞቷል» አልኳት። «ጥር ላይ ነው። ጀልባዋ ተገልብጣ። አብሮት የሄደው ልጅ ደውሎ ነገረኝ።»

አየችኝ። አላለቀሰችም፤ ያልኩት ገና የገባት አልመሰለኝም።

«ሷሊህስ?» አለች።

«ሷሊህ የሚባል ሰው የለም።»

«ሚስቶቹስ?»

«የሉም።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ጎረቤት ሲሰማ መጣ፤ ሴቶቹ ከበቧት፤ እኔ ወጥቼ ወደ ኢማሙ ሄድኩ። ጥር ላይ መሆኑን ስነግረው «ለሰማያት ጌታ ጥርም ግንቦትም አንድ ነው፤ ለእናቱ ግን አይደለም» አለኝ። በዚያው ምሽት በመስጊዳችን ሬሳ በሌለበት የሚሰገደው የጋኢብ ሰላት ተሰገደለት። የመጣው ሰው መስጊዱን ሞልቶ ደጅ ተርፎ ነበር።

ዘይነባ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

«የደወለልህ ልጅ አሁን የት ነው ያለው?»

«ወደ አገር መልሰውታል። ማጀቴ ነው፤ እናቱ ቤት።»

«ከእሱ አፍ እሰማለሁ» አለች። «ካንተ አይደለም።»

በሚኒባስ፣ እሷ ከሹፌሩ አጠገብ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን ማጀቴ ገባን። ልጁ ከስቷል። ሲያየን ተነስቶ ቆመ፤ እናቱ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። ከጀልባዋ መነሳት ጀምሮ ነገረን። ማዕበሉ ጋ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ይቺ ላይ ስደርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።»

«አልተቋረጠም» አልኩ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ቀጥል።»

ዘይነባ ዞር ብላ አየችኝ። ልጁ ቀጠለ። ሲነጋ ኑሩን ባህሩ አወጣው። የተረፉት ስድስት ነበሩ። አካፋ ስላልነበራቸው በእጃቸውና በጄሪካን ስባሪ ቆፈሩ። ውሃው ከሚደርስበት በላይ፣ ወደ ኮረብታው በኩል፣ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አድርገው ቀበሩት። ከእነሱ መሃል አንዱ ቁርዓን የቀራ ልጅ ነበር፤ እሱ አሰገዳቸው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ መጥቶ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች አስቀመጠላቸውና የቦታውን ስም ነገራቸው።

«ስሙን ንገረኝ» አለች ዘይነባ።

ነገራት። የዓረብ ስም ነው፤ ምላሷ አልያዘውም። ብዕርና ወረቀት ለመንኩት፤ ከእህቱ ደብተር ገጽ ቀዶ ሰጠኝ። ስሙን ጻፍኩ። ከሥሩ ኮረብታውን፣ ሁለቱን ድንጋዮች፣ ከውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ያሰገደውን ልጅ ስምና መንደር ጻፍኩ። እጄ መጻፍ ስለረሳ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ማንም አላጣደፈኝም።

«አሁን ጮክ ብለህ አንብበው» አለችኝ ዘይነባ።

አነበብኩት። ሁለተኛ አስነበበችኝ። በሦስተኛው አብራኝ አለችው።